ጀጎልን በእግር

የሐረር እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በዱክ በር ነው የሚገባው። ከበሮቹ ሁሉ ልጅ እሱ ነው፤ መኪናም ያስገባል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ግን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካስገነቡት የጀጎል ግንብ ጋር የኖሩ ናቸው። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ያለ አስጎብኚ መግባት አያስፈራም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ቁልቁል ከወረደ አንዱ በር ጋ መድረሱ አይቀርም።

ከዱክ በር የሚነሣው ሰፊው መንገድ በቀጥታ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያደርሳል። እዚህ አለመቸኮል ነው። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው አሥር ዓመት ያህል ሲቆዩ በዚሁ ስፍራ መስጊድ ሠርተው ነበር። በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ ተሸንፈው ምኒልክ ከተማዋን ሲይዙ፣ በመስጊዱ ቦታ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። በዚያው አደባባይ ለጨለንቆ ሰማዕታት የቆመ ሐውልትም አለ። የድሉም የሐዘኑም ምልክት እንዲህ ፊት ለፊት የቆመበት አደባባይ በአገራችን ብዙ አይገኝም፤ ጎብኚው ግን ፎቶ አንሥቶ ያልፋል።

ከዚያ ወደ መኪና ግርግር መውረድ ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ከነመኪናቸው መንገድ ዳር የተደረደሩበት፣ ጨርቅ ገዝተው ለዚያው ሰፊ የሚሰጡበት ጎዳና። ቁልቁል ወደ ግድር መጋላ ገበያ ይወስዳል።

የራምቦ ቤት የሚባለው ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሐረር መግባቱ እውነት ነው። በ1884 ዓ.ም. መሞቱም እውነት ነው። ባለቀለም መስተዋት ያለውን ይህን ቤት ግን ከዚያ በኋላ ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ቤቱ ያምራልና መግባቱ አይቆጭም። በአቅራቢያው ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ የእጅ ጽሑፎችና ሐረር ራሷ ያስመታቻቸው ሳንቲሞች የሚታዩበት ሙዚየም ሆኗል።

እስካሁን ያየነው በአመዛኙ ከውጭ የመጣ ሰው አሻራ ነው። ሐረሪዎች ራሳቸው ያሉት ከኖራ አጥር ጀርባ፣ በጠባቡ መተላለፊያ በኩል ነው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች ጠቅሷል፤ ብዙዎቹ ካልጠየቁ የማይታዩ፣ ከመኖሪያ ቤት መሐል የተሸጎጡ ናቸው። የአሚር ኑር መቃብር ግን በአረንጓዴ ጉልላቱ ይለያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ቤት ነው። ሳሎኑ ወለል ብቻ አይደለም፤ በቀይ አፈር የተለሰኑ አምስት መደቦች አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፦ የአባወራው፣ የአዋቂው፣ የታናሹ ቦታ ለየብቻ ነው። ቅላቱ ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ግድግዳው በሙሉ የሴቶቹ ስፌት ነው። አንዳንዱ ቤት እንግዳ ያሳድራል፤ ከተገኘ ከሆቴል እሱን መምረጥ ይሻላል።

ጉዞውን በኤረር በር መጨረስ ጥሩ ነው። ሲወጡ የግንቡን ሥር ልብ ይበሉ፦ ጎርፍ የሚወጣበት፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሉታል። ጅቡ የከተማዋን ቆሻሻ ይጠርጋል፤ ስለዚህ ግንቡ ሲሠራ ለሱም መግቢያ ተትቶለታል።