ኮምፒውተር ሳይንስ፦ ዘርፍ ተሻጋሪ የመጀመሪያ ዲግሪ በኢትዮጵያ

ኮምፒውተር ሳይንስ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከቋንቋ ጥናት ወይም ከኢኮኖሚክስ ጋር ተጣምሮ በአንድ ዲግሪ መስጠት በሀገሪቱ እምብዛም አልተለመደም። ሌሎች ዘርፎች ወደ ትምህርቱ የሚገቡት በአብዛኛው በፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ) ኮርሶችና በመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ከመነሻው የተቀላቀለ ትምህርት የሚፈልግ ተማሪ ደግሞ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ወይም፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጠው፣ ኸልዝ ኢንፎርማቲክስን ይመርጣል።

የመግቢያ መስፈርት

አመልካቹ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፈ መሆን አለበት። የማለፊያው ወለል 50 በመቶ ነው። የ2014 ዓ.ም ፈተና በ2015 መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ይህን ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወለሉን ሳያገኙ ከቀሩት የተሻለ ውጤት ላላቸው የሪሚዲያል (የማካካሻ) ትምህርት የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከፍሬሽማን ቆይታ በኋላ ሲሆን፣ ተፈላጊ ክፍሎች ተማሪ የሚቀበሉት በውጤት ቅደም ተከተል ነው።

የኮርሶች አወቃቀር

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርት ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ ካደረገ ወዲህ የፍሬሽማን ዓመት ቀርቶ፣ ብዙዎቹ ዲግሪዎች ወደ ሦስት ዓመት አጥረው ነበር። ዓመቱ በ2012 ዓ.ም ተመለሰ። የነገው ፕሮግራመር ስለዚህ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ለጎን ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ይማራል።

ቀጣዮቹ ዓመታት የሙያው ናቸው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታቤዝ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። የመስክ ልምምድና የመመረቂያ ፕሮጀክትም ግዴታ ናቸው። ለመመረቅ ከ2.00 ያላነሰ አጠቃላይ ነጥብ ያስፈልጋል።

የመውጫ ፈተና

በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች የመውጫ ፈተና መስጠት የተጀመረው በ2015 ዓ.ም ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች 61,054 አለፉ፤ ይህም 40.65 በመቶ ነው። በመንግሥት ተቋማት ያለፉት 62.37 በመቶ፣ በግል ተቋማት 17.2 በመቶ ነበሩ። ፈተናው የሚያተኩረው በዲፓርትመንቱ ዋና ዋና ኮርሶች ላይ ስለሆነ፣ የፍሬሽማን ዓመቱ ሰፊ ንባብ በዚህ ፈተና ላይ ቦታ የለውም።

ዘርፎች የተገናኙበት ምሳሌ፦ ፊደልና የዜማ ምልክት

ኮምፒውተር ሳይንስ በኢትዮጵያ ከሌላ ዕውቀት ጋር የመሥራት ግዴታ የገጠመው ገና ከመጀመሪያው፣ በፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ345 ምልክቶች የዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ መስፈርት፣ የዩኒኮድ፣ አካል የሆነው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየኩባንያውና በየግለሰቡ የተሠሩት የፊደል ሶፍትዌሮች እርስ በርስ አይነባበቡም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የ4.1 እትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክቶችን ጨመረ። አሥር ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ከሂደት ጋር የተጣመረበትና ቁርጥ። የምልክቶቹ መነሻ አከራካሪ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ ጋር የሚያያይዟቸው አሉ። ሌሎች ደግሞ ዜማው የያሬድ ሆኖ፣ የአጻጻፍ ሥርዓቱ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጀ ይናገራሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ምልክቶቹ መደራጀታቸውን የሚቀበሉ አጥኚዎች በርካታ ቢሆኑም፣ ይህ ከያሬድ ጋር የተያያዘውን ትውፊት የግድ የሚያፈርስ አይመስልም።

ለፕሮግራመር ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያው እትም የገባው የማጥበቂያ ምልክት በፊደል ላይ የሚደረብ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የዜማ ምልክቶቹ ግን ራሳቸውን የቻሉ ሆነው ተመዘገቡ። በብራና ላይ የሚጻፉት ከቃሉ በላይ በመሆኑ፣ ቦታቸውን ማስያዝ ለሶፍትዌሩ የተተወ ሥራ ሆነ። ዜማውም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች ይለያያል፤ በቤተልሔም፣ በአጫብርና በቆማ የዜማ ትምህርት ወገኖች እንዲሁ። ምልክቱን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም ኮድ ብቻ ለሚያውቅ ሰው አይሠራለትም፤ የዜማ መምህር ከጎኑ ያስፈልገዋል።

የንግግር ጥናትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ሰለሞን ተፈራ አባተ፣ ቮልፍጋንግ ሜንዝልና ባይሩ ታፍላ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የንግግር ስብስብ የኮምፒውተርና የቋንቋ ዕውቀትን ያጣመረ ሲሆን፣ የ100 ሰዎችን 20 ሰዓት ገደማ ንባብ ይዟል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ ደግሞ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ቃላትን ከነእርባታቸው ይተነትናል።

በሌላው ዓለም

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስን ከአንትሮፖሎጂ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከአስትሮኖሚና ከቋንቋ ጥናት ጋር አጣምሮ ዲግሪ ይሰጣል። ስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረውን ተመሳሳይ ሙከራ በ2019 አቁሟል። አዲስ አበባ የተወለደችው ረድኤት አበበ በሃርቫርድ ሒሳብ ተምራ፣ በኮርኔል በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ይዛለች፤ ምርምሯም አልጎሪዝምን ከማኅበራዊ ፍትሕ ጥያቄዎች ጋር ያገናኛል።

በምዕራብ ጎጃም

ወደ ሀገር ውስጥ ስንመለስ፣ የደጋ ዳሞት ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ላሉ ተማሪዎች ኮምፒውተር ሳይንስን የሚሰጡ ቅርብ ተቋማት የደብረ ማርቆስ፣ የእንጅባራና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም ማስተማር የጀመረ ሲሆን ቡሬ ላይም ካምፓስ አለው። በባሕር ዳር የኮምፒውቲንግ ፋኩልቲ ሥር ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስና ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ይሰጣሉ።