ሣጥኗን የከፈተው ጽሑፍ

በብዙ ቤትና በብዙ መሥሪያ ቤት ጥግ ላይ፣ አቧራ ለብሳ፣ መብራቶቿን ብልጭ ድርግም እያደረገች የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። ራውተር እንላታለን። ኢንተርኔት ካልተቋረጠ በቀር ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ በተቋረጠም ጊዜ የምናደርግላት ነገር ቢኖር ከሶኬት ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። ይህች ሣጥን የሚተረክ ታሪክ አላት ብል የሚስቅብኝ አንባቢ አይጠፋም። ሆኖም አላት። የታሪኳም ዋና ባለጉዳይ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ሳይሆን ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት አንድ ጽሑፍ ነውና፣ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ፊት ባነሣው የሚያስነውር አይመስለኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።)

ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ፕሮሰሰር አላት፤ ሜሞሪ አላት፤ «ፍላሽ» በሚባለው ማከማቻዋ ላይ ደግሞ በበራች ቁጥር የምታነበው ፕሮግራም ተጽፎባታል። ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ፈርምዌሩን አጥፍቶ በምትኩ ሌላ መጻፍ ይቻላል፤ የጥንት ጸሐፍት ብራና ፍቀው በላዩ ሌላ ድርሰት ይጽፉ እንደነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ብራናውን የያዘ ሰው ማንበብ ከቻለ የተጻፈበትን ያያል፤ ራውተር የገዛ ሰው ግን በገዛ ንብረቱ ውስጥ የተጻፈውን ማየት አይችልም። ፋብሪካው የሚሰጠው ማሽን ብቻ የሚረዳውን የቁጥር ክምር እንጂ፣ ሰው የሚያነበውንና «የምንጭ ኮድ» የሚባለውን ጽሑፍ አይደለም።

ለዚህ ችግር መልስ የሆነው ጽሑፍ የተወለደው ግን ከራውተር በፊት፣ በፕሪንተር ምክንያት ነው። በ1980 ገደማ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረውን ሪቻርድ ስቶልማንን ከዜሮክስ ኩባንያ የመጣ አንድ ፕሪንተር ወረቀት እየያዘ ያስቸግረው ነበር። ወረቀት ሲጣበቅ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን ሊያሻሽል ፈለገ፤ ኮዱ ያለው ሰው ግን ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን ራሱ እንደሚተርከው ይህ እምቢታ ከልቡ አልወጣም። በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ አወጀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን የፈቃድ ጽሑፍ አወጣ። ሁለተኛው እትም በ1991 ታተመ። በ1992 ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በዚሁ ፈቃድ ሥር አደረገው።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። ውሰዱ፤ አንብቡ፤ ለውጡ፤ ከፈለጋችሁም ሽጡ። ለሌላ ስታሳልፉ ግን እናንተ ያገኛችሁትን መብት አትንፈጉት፤ የምንጭ ኮዱን ስጡት፤ አሁን ካልሰጣችሁትም ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የመስጠት ቃል በጽሑፍ ስጡት። በግእዝ መጻሕፍታችን ላይ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ማስፈር የቆየ ልማድ ነው። ጂፒኤል ግዝቱን ገለበጠው ለማለት ይቻላል፤ በእርሱ ዘንድ የሚወገዘው የገለበጠ ሳይሆን እንዳይገለበጥ የደበቀ ነው። አንድ የሚያስፈግግ ነገርም አለው፦ ሌላውን ሁሉ ለውጡ የሚለው ይህ ጽሑፍ ራሱ ይገለበጥ እንጂ አይለወጥም። ይህም በመግቢያው ላይ በግልጽ ተጽፏል።

አሁን ወደ ሣጥኗ እንመለስ። ሊንክሲስ የሚባለውን ኩባንያ ቪክተርና ጄኒ ሳኦ የተባሉ ባልና ሚስት በ1988 በካሊፎርኒያ ኧርቫይን ከተማ ከቤታቸው ጋራዥ ጀመሩት። በዲሴምበር 2002 ደብሊው አር ቲ 54 ጂ የምትባለውን ባለሰማያዊና ጥቁር ቀለም፣ ባለሁለት አንቴና ራውተር ለገበያ አቀረቡ። በማርች 2003 ግዙፉ ሲስኮ ሊንክሲስን ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት አክሲዮን ሊገዛው መስማማቱን አስታወቀ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ወጣት ፕሮግራመር የሣጥኗን ፈርምዌር ሲመረምር በውስጡ ሊኑክስ መኖሩን ደረሰበትና ለሊኑክስ ሠሪዎች ጻፈላቸው። ሊኑክስ ካለ ጂፒኤል አለ፤ ጂፒኤል ካለ ደግሞ ኮዱን የመስጠት ግዴታ አለ። ኮዱ ግን የትም አልነበረም።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሲስኮ የገዛው ሊንክሲስን ነው። ሊንክሲስ ቺፑን የገዛው ከብሮድኮም ነው። ብሮድኮም ደግሞ ከቺፑ ጋር የሚሄደውን ፕሮግራም ሳይበርታን ለተባለ የታይዋን ድርጅት ሰጥቶ አስጻፈ። ዕዳ ያለበትን ቤት የገዛ ሰው ዕዳውንም ይገዛል፤ በባንክ ሥራ ከቤቱ ዋጋ በፊት የሚታየው በላዩ የተመዘገበው ዕዳ ነው። ሲስኮን የሚያህል ኩባንያ፣ የጠበቆች ሠራዊት እያለው፣ በሦስተኛው ሻጭ እጅ የገባችውን አንዲት የፈቃድ ጽሑፍ ሳያያት ማለፉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተደራደረ፤ ሊንክሲስም በዚያው በ2003 ኮዱን አወጣ። ሁሉንም አይደለም፤ ሬዲዮውን የሚያዝዘው የብሮድኮም ክፍል እንደ ተዘጋ ቀረ። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል።

ቀዳዳው በሌላም በኩል ነበር። ሣጥኗ መስመር መኖሩን የምትፈትሽበት «ፒንግ» የሚባል ገጽ ነበራት፤ የሌላ ኮምፒውተር አድራሻ የሚጻፍበት። አድራሻው መግባት በሚገባው ቦታ ላይ ትእዛዝ ቢጻፍስ? ሣጥኗ ሳትጠራጠር ትፈጽመዋለች። በዚህች የዋህነቷ ገብተው ስትነሣ ጥቂት ሰከንድ ቆማ እንድትጠብቅ አዘዟት፤ በዚያች የሰከንድ ፋታ አዲሱን ፈርምዌር 192.168.1.1 ወደተባለው አድራሻዋ በኢተርኔት ገመድ ይልኩላታል። ቀድሞ የተላከ አይደርስም፤ የዘገየም አይደርስም። አጻጻፉ መሀል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ሣጥኗ አትነሣም። ባለሙያዎቹ «ጡብ ሆነች» ይላሉ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል እኔም አላገኘሁላትም።

እኔ ይህን በእጄ የሞከርኩት እጅግ ዘግይቼ፣ ከምናለሽ ተራ በገዛኋት የዚያው ዘር ራውተር ላይ ነው። ሥራው ራሱ የሚያኮራ አልነበረም፤ ፋይሉን መምረጥ፣ አንዲት ቁልፍ መጫን፣ መጠበቅ። መጠበቁ ላይ ግን ነገር አለ። በእኛ ከተማ መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለምና እነዚያን ደቂቃዎች አምፖሉን ሽቅብ እያየሁ አሳለፍኳቸው። ሣጥኗ ስትነሣ የፋብሪካው ገጽ ጠፍቶ «ቲማቲም» የተባለ ፈርምዌር ገጽ ወጣ፤ በቤቱ ውስጥ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሁሉ በየሰከንዱ በመስመር እየሳለ። አራት ሜጋባይት ፍላሽ፣ አሥራ ስድስት ሜጋባይት ሜሞሪ፤ ያች ጥቂት ቦታ ይህን ሁሉ ትችል ነበር፤ ፋብሪካው ግን አልነገረንም።

ቲማቲም የመጣው በ2006 ነው። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ነበሩ። ስቪያሶፍት የተባለው የቅድሚያ እትሞቹን ለማግኘት በዓመት 20 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ያገኙትን ለሌላ ያካፈሉትን ደግሞ ከደንበኝነት ይሰርዝ ነበርና በነፃነት ወዳጆች መካከል ብዙ ጠብ አስነሥቷል። ማስከፈሉ አልነበረም ክፉው፤ ጂፒኤል መሸጥን አይከለክልም። ማካፈልን መቅጣት ግን የጽሑፉን ፊደል ይዞ መንፈሱን መጣል ነው ባይ ነኝ። ከዚሁ ሥራ ላይ በ2005 ዲዲ ደብሊው አር ቲ ተነሣ። ዕድሜና ክብር ያገኘው ግን በጃንዋሪ 2004 የተጀመረው ኦፕን ደብሊው አር ቲ ነው። ስሙ የመጀመሪያዋን ሣጥን ስም እንደ ያዘ ቀርቷል፤ ዛሬ ከብዙ ፋብሪካዎች በወጡ ከአንድ ሺህ በላይ ዓይነት ሣጥኖች ላይ ይጫናል። የጥንት እትሞቹ በመጠጥ ድብልቆች ስም ይጠሩ ነበር፤ የመጀመሪያው «ነጭ ሩሲያዊ»፣ ተከታዩ «ካሚካዜ»። ሣጥኗ ውስጥ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የመጠጡን አዘገጃጀት ነበር። ኋላ ስሙ ቀርቶ በዓመትና በወር ቁጥር ብቻ መጠራት ጀመሩ፤ ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ ኪሳራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ለዓለም የተረፈው ትልቁ ነገር ግን ሰልፍ ነው። ሜሞሪ እየረከሰ ሲሄድ የራውተር ሠሪዎች መረጃ ተራ የሚጠብቅበትን ቋት እያሰፉት ሄዱ። የሰፋ ቋት ረጅም ሰልፍ ያስከትላል። በባንክ መስኮት የሚሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም፦ አንድ መስኮት፣ አንድ ሰልፍ፣ ከፊት በማዳበሪያ ሙሉ ብር የያዘ የነጋዴ ተላላኪ፤ ከኋላው 200 ብር ሊያወጡ የመጡ እናት። ብሩ ተቆጥሮ እስኪያልቅ እናት ይቆማሉ። በራውተር ውስጥ ማዳበሪያው አንድ ሰው የሚያወርደው ፊልም ነው፤ እናት ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የስልክ ድምፅ። ድምፁ የሚቆራረጠው መስመሩ ጠባብ ሆኖ ብቻ ሳይሆን ሰልፉ ክፉ ሆኖ ጭምር ነው። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በቋት ውስጥ ከልክ በላይ የቆየውን እየጣለ ላኪው እንዲረጋጋ የሚያደርግ ዘዴ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ኤሪክ ዱማዜ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ የራሱን ሰልፍ የሚሰጥና ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት የሚያስተናግድ ፕሮግራም ለሊኑክስ ጻፈ። ዴቭ ታትና ባልደረቦቹ ደግሞ በኦፕን ደብሊው አር ቲ ላይ በተሠራ የሙከራ ፈርምዌር፣ በተራ የቤት ራውተሮች ላይ ፈተኑት። ፈርምዌሩ የተቆለፈ ቢሆን ኖሮ የሚፈትኑበት ሣጥን ከየት ያመጡ ነበር? ዘዴው በ2018 የኢንተርኔት ሰነድ ሆኖ ቁጥር 8290 ተሰጠው። እኔ በምሠራበት መስኮት ግን ገና አልደረሰም።

ኩባንያው በበኩሉ በ2005 ሊኑክስን ከሣጥኗ አውጥቶ በሌላ፣ በተዘጋ ሥርዓት ተካው፤ ፍላሹንም ወደ 2 ሜጋባይት፣ ሜሞሪውን ወደ 8 ቆረጠው። ያም ሆኖ ያችንም ከፈቷት። የሚገርመው፣ የድሮዋን ሣጥን ፈላጊ በመብዛቱ ሊንክሲስ ራሱ በስሟ መጨረሻ ላይ ስለ ሊኑክስ አንዲት «ኤል» ጨምሮ መልሶ አወጣት። ያች «ኤል» ከአሥር ዓመት በላይ ተሸጣለች፤ የእኔዋም ከእነርሱ አንዷ ናት።

ጽሑፉ በፍርድ ቤት ዓይን ሕግ ነው ወይስ ምኞት? በሜይ 2004 የሙኒክ ፍርድ ቤት፣ ሲቴኮም የተባለ የራውተር ሻጭ የጂፒኤልን ግዴታ ሳያሟላ ዕቃውን እንዳያሠራጭ የተሰጠውን እግድ አጸና። በዲሴምበር 2008 የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ራሱ ሲስኮን በኒው ዮርክ ከሰሰ፤ በሜይ 2009 ተስማሙ፤ ሲስኮም ለሊንክሲስ የነፃ ሶፍትዌር ኃላፊ ሊሾምና ለፋውንዴሽኑ ገንዘብ ሊለግስ ተስማማ። ቆይቶ አደጋው ከመንግሥት መጣ። በ2015 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የሬዲዮ ኃይል እንዳይለወጥ የሚል ደንብ ሲያጠብቅ፣ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሬዲዮውን ብቻ ከመቆለፍ ይልቅ ሣጥኗን በሞላ መቆለፉ ቀለላቸው። በ2016 ቲፒ ሊንክ የሬዲዮ ደንብ በመጣሱ 200,000 ዶላር ተቀጣ፤ በዚያው ስምምነት ግን ሌሎች የጻፉትን ፈርምዌር የሚቀበሉ ራውተሮች እንዲኖሩ ሊሠራ ግዴታ ገባ።

በኖቬምበር 2024፣ ኦፕን ደብሊው አር ቲ ሃያ ዓመት በሞላው ዓመት፣ ሠሪዎቹ ከሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ጋር ሆነው የራሳቸውን ሣጥን አወጡ። ስትወጣ ዋጋዋ 89 ዶላር ነበር። ሜሞሪዋ አንድ ጊጋባይት ነው፤ ከመጀመሪያዋ ሣጥን ስድሳ አራት እጥፍ ማለት ነው። ሁለት ፍላሽ አላት፦ አንዱ በየጊዜው የሚጻፍበት፣ ሌላው እንዳይጻፍበት የተጠበቀ። በመሀላቸው በጣት የሚገፋ ትንሽ መቀያየሪያ አለ። በአንደኛው ላይ ሲጻፍ መብራት ቢሄድ፣ መቀያየሪያውን ወደ ሁለተኛው ገፍቶ ሣጥኗን ማስነሣትና የተቋረጠውን ጽሑፍ እንደገና መጻፍ ይቻላል።