የማጠናከሪያ ክትባት የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች፦ የጥበቃው ልክና ወሰን

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ጠዋትና ማታ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት ይውጣል። መድኃኒቶቹ ሰውነቱ የተለገሰውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው ያደርጋሉ። ነገር ግን ተህዋስያንን የሚመክተውም፣ ከክትባት የሚማረውም ያው የታሰረው ኃይል ነው። የዚህ መጣጥፍ ጥያቄ ማጠናከሪያ ክትባት ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል የሚል ነው፤ ማስረጃው የሚወሰደውም በስፋት ከተጠናው ከኮቪድ-19 ክትባት ነው።

ማጠናከሪያ ለጤነኛ ሰው የተማረውን መከለስ ነው። የመከላከል አቅሙ በደከመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ራሱ ገና አልያዘም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2021 ለንቅለ ተከላ ታካሚዎችና ለመሰሎቻቸው፣ ከሌላው ሕዝብ አስቀድሞ፣ ሦስተኛ ዙር የፈቀደው ለዚህ ነው።

በፈረንሳይ ቱሉዝ የአካል ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ ከሁለት ዙር የፋይዘር ክትባት በኋላ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው 40 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ 68 በመቶ ደረሱ። ቀድሞ ምንም ካልታየባቸው 59 ሰዎች 26ቱ ምላሽ ሰጥተዋል፤ የቀሩት ግን ሦስቴ ተከትበውም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በካናዳ ቶሮንቶ 120 የንቅለ ተከላ ታካሚዎች በዕጣ ለሦስተኛ ዙር የሞደርና ክትባትና ለማስመሰያ መርፌ ተመድበው ነበር። በጥናቱ የተቀመጠውን የፀረ እንግዳ አካል ልክ ያለፉት ከተከተቡት 55 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተወጉት 18 በመቶ ናቸው።

የደም ምርመራ ግን ሙሉውን ሥዕል አያሳይም። ሪቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጩት ቢ ሕዋሳት ስለሚጠፉበት ምርመራው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በተህዋሲው የተያዙ ሕዋሳትን የሚያጠቁት ቲ ሕዋሳት ግን ከክትባቱ ሊማሩ ይችላሉ። ስለዚህ ወሳኙ መለኪያ ሕመሙ ራሱ ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለተኛ አጋማሽ በተሰበሰበ መረጃ፣ ሦስተኛው ዙር ሆስፒታል ከመተኛት የሚሰጠውን ጥበቃ የመከላከል አቅማቸው በደከመ ሰዎች ከ69 ወደ 88 በመቶ፣ በሌሎች ከ82 ወደ 97 በመቶ አሳድጓል።

እነዚህ አኃዞች የሚነጻጸሩት በየወገናቸው ካልተከተቡት ጋር ነው። ጥበቃ ያልሸፈነው ድርሻ በጤነኞቹ 3፣ በደካሞቹ 12 በመቶ ነው፤ የኋለኞቹ ደግሞ ከመነሻውም ለጽኑ ሕመም የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። ማጠናከሪያው ክፍተቱን ያጠባል፣ አይዘጋውም።

የቀረውን ክፍተት በጊዜ አመራረጥና በቤተሰብ መሸፈን ይቻላል። ሕይወት አልባ ክትባቶች የመከላከል አቅምን የሚያዳክም ሕክምና ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ቢሰጡ ይመረጣል፤ ሪቱክሲማብ ከተሰጠ በኋላ ግን ለወራት ምላሹ ደካማ ነው። አብረው የሚኖሩት ቤተሰቦች ሲከተቡም በሽታው ወደ ቤት የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል።

ጉዳዩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉና ኤች አይ ቪ የመከላከል አቅማቸውን ያዳከመባቸው ወገኖችም ብዙ ናቸው። ሐኪም የመጀመሪያውን የማዳከሚያ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ስለ ክትባት ታሪክ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ያ ጥያቄ ከወራት በኋላ ቢነሳ ተመሳሳዩ መርፌ ያነሰ ይሠራል።