የኮምፒዩተር ጨዋታ የቅጂ መብትና የንግድ ምልክት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሥራው በቅጂ መብት፣ ስሙ ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ ይጠበቃል።

የቅጂ መብት፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጨዋታው ኮድ፣ ሥዕልና ሙዚቃ ባይመዘገቡም ከተሠሩበት ጊዜ ጀምሮ ይጠበቃሉ። ሐሳብና የአጨዋወት ሥርዓት ግን አይጠበቁም። ስለዚህ ገበጣን ማንም ሰው ለስልክ መሥራት ይችላል፤ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራውን ገበጣ ኮድና ሥዕል ግን ያለ ፈቃድ መቅዳት አይቻልም። የእንጦጦን ተራራ በጨዋታ ውስጥ መሳልም ነፃ ነው፤ ሌላ ሠዓሊ የሳለውን የእንጦጦ ሥዕል መገልበጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል።

የንግድ ምልክት፦ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የስምና የአርማ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ሊታደስም ይችላል። በግሉ የሚሠራ ፈጣሪ የጨዋታውን ስም ሳያስመዘግብ ከቆየ፣ ሌላ ሰው ሊቀድመው ይችላል።