መርዶ

መርዶ የሞት ዜና ለሟች የቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሚነገርበት የኢትዮጵያ ልማድ ነው። ቃሉ ዜናውንም አነጋገሩንም ያመለክታል። መርዶ መንገር «ማርዳት» ይባላል፤ ዜናው የደረሰው ሰው ደግሞ «ተረዳ» ይባላል። ይኸው ቃል በዕለት ተዕለት አማርኛ «ገባው» ማለት መሆኑ ልብ ይሏል። የልማዱ መነሻ ማንም ሰው የወገኑን ሞት ብቻውን ሆኖ፣ ደጋፊ በሌለበት መስማት የለበትም የሚል ነው።

አነጋገሩ

መርዶ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ሰውየው ገና ከቤት አልወጣም፤ ጎረቤትም በየቤቱ ይገኛል። ዜናውን ቀድመው የሰሙ ዘመዶች ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር፣ እነማን አብረው ይሂዱ የሚለውን አስቀድመው ይመክራሉ። መርዶ ነጋሪው በዕድሜ የገፋ ዘመድ፣ የንስሐ አባት፣ የእድር ዳኛ ወይም የልብ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። በቤቱ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ወይም የልብ ሕመምተኛ ካለ ነገሩ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት ይዘገያል።

በተግባር ግን ቃሉ ከመነገሩ በፊት ነገሩ ይታወቃል። ማለዳ በር ተንኳኩቶ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችና ዝም ያሉ ሽማግሌዎች ሲገቡ ያየ ሰው «ምን ሆናችሁ?» ሳይሆን «ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጩኸቱ ሲሰማ ሰፈሩ ይሰበሰባል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እዝን ያመጣል፣ ለቅሶ ደራሽም እየተፈራረቀ ይቀመጣል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ዘንድ ሐዘኑ በሣልስት፣ በአርባ፣ በሰማንያና በሙት ዓመት እየታሰበ ይቆያል። በሙስሊሞች ዘንድ የሐዘን መቀመጫው ባብዛኛው ሦስት ቀን ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የፋብሪካዎች አካባቢ ነው። ብዙ ነዋሪው ለሥራ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ስለሆነ መርዶውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ሠራተኛ በሥራ ገበታው ላይ እያለ አይረዳም። «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ይፈልጉሃል» ይባልና አብሮት የሚጓዝ ሰው ይፈለግለታል። ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሰው ጉዞው የሚጀምረው ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛ እያወቀ መንገዱን ሁሉ ዝም ይላል፤ መርዶው የሚነገረው አገር ቤት ሲደርሱ፣ በዘመድ መሀል ነው። ከመርዶ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1990ዎቹ ማብቂያ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በክፍለ ከተማው እንደ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ሰፊ መንደሮች ተሠርተዋል። ቤቱ በዕጣ ስለሚሰጥ የድሮ ጎረቤቶች ይበታተናሉ። ብዙ ሰው እድሩን በመሀል ከተማ ባለው የቀድሞ ሰፈሩ ትቶ ይመጣል፣ ወይም በሁለት ቦታ ይከፍላል። ድንኳን በሕንፃዎቹ መካከል ይተከላል፤ ለድግስና ለማብሰያ የሚያገለግል የጋራ ቤትም አለ። ስለዚህ ቦታው አይጠፋም። የሚጠፋው ደረጃውን ወጥቶ በር የሚያንኳኳ፣ የቤተሰቡን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አዲስ ጎረቤት ለዕቃ ይደርሳል እንጂ ማርዳት አይችልም።

ከሥነ ልቦና አንጻር

በሕክምና ትምህርት ቤቶች መጥፎ ዜና ስለመንገር የሚሰጥ ሥልጠና አለ። በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች የታተመው «ስፓይክስ» የተባለው ባለ 6 ደረጃ መመሪያ ነው። ቦታ ማዘጋጀት፣ ሰውየው የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ነገሩን በግልጽ መናገር፣ ስሜቱን መቀበልና ቀጣዩን መንገድ አብሮ ማቀድ ናቸው። ቦታን በማዘጋጀት፣ ስሜትን በመቀበልና ሰውን ብቻውን ባለመተው መርዶ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ግን ይለያያሉ። በመርዶ ምን ያህል፣ መቼ እንደሚታወቅ የሚወስነው የሚሰማው ሰው ሳይሆን ዘመድ ነው። መመሪያው ጸጥ ያለ የግል ክፍል ሲመርጥ መርዶ ደግሞ ሕዝብ ይጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ «የተራዘመ ሐዘን» የተባለ የአእምሮ ጤና ችግርን አካቷል። ለዚህም ከባዱ ሐዘን ቢያንስ 6 ወር መቆየትና ከኅብረተሰቡ ልማድ በግልጽ ማለፍ አለበት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መጽሐፍ ለአዋቂዎች 12 ወር ይላል። እስከ ሙት ዓመት ጥቁር መልበስ በተለመደበት አገር የልማዱ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ወቀሳና ለውጥ

የመርዶ ትልቁ ዋጋ መዘግየቱ ነው። ቀብር ባብዛኛው በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም፣ ዘግይቶ የተረዳ ሰው አፈር ሳያለብስ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው «እርሙን አላወጣም» ይባላል፤ ማልቀስ የነበረበት ጊዜ አልፎበታል ማለት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙዎች ለፈተና፣ ለወሊድ ወይም ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ሲባል ለወራት ሳይነገራቸው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ «አባዬ ደህና ነው» የሚለውን ቃል ማመን ይከብዳቸዋል። ሕፃናትም «ሩቅ አገር ሄዷል» እየተባሉ ያድጋሉ፤ ይህ መጠበቅን ስለሚያስከትል ከሞቱ እኩል ሊያሠቃይ ይችላል።

ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ ሥርዓቱን አፍርሰውታል ማለት ይቻላል። ዘመድ ገና ሲመክር የሟቹ ፎቶ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይወጣል። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ በሊቢያ የገደላቸው ኢትዮጵያውያን ቪዲዮ ሲሰራጭ፣ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሞት ያወቁት በዚያው ምስል ነበር።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ስልክ በተቋረጠባቸው ቦታዎች ቤተሰብ ስለ ልጁ ምንም ሳይሰማ ቆየ። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የሞቱ ተዋጊዎችን መርዶ ለቤተሰቦቻቸው በይፋ ካስነገረ በኋላ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ፤ ከጦርነቱ ማብቂያ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በየመንደሩ ድንኳን የተተከለው ለአንድ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት ለጎረቤት እዝን የሚያመጣበት ልማድም ያመጪው ቤት ራሱ ሐዘንተኛ በመሆኑ ተቸገረ።