የክረምት ማገዶ በጋይንት ምድር

ከጉና ተራራ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ወርዶ እስከ በሽሎ ሸለቆ አፋፍ በሚዘረጋው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር የኖረ ገበሬ ዓመቱን በእርሻውና በበዓላቱ ብቻ ሳይሆን በማገዶውም ይቆጥር ነበር። ዘመነ ክረምት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምድጃው እንዳይጠፋ የሚያስፈልገው እንጨት ግን ሰማዩ ሳይጠቁር፣ በሚያዝያና በግንቦት ተቆርጦ፣ ተፈልጦና ደርቆ ከጣሪያ በታች መግባት ነበረበት። ይህን ያላደረገ ቤት ጎተራው እህል ቢሞላ እንኳ ሐምሌ በመጣ ጊዜ ይራብ ነበር፤ ርጥብ እንጨት ምጣድ አያግልምና።

የቆመ ዛፍ መጣልና ግንድ መፍለጥ የወንዶች፣ ጭራሮ መስበርና ተሸክሞ ቤት ማድረስ የሴቶችና የልጆች ድርሻ ነበር፤ ከሁለቱም የሚከብደው የኋለኛው እንደ ነበረ ለመናገር አላመነታም። የእንጨቱንም ጠባይ እያንዳንዱ ሰው ከልጅነቱ ያጠናል፦ ወይራ ፍሙ የሚቆይ፣ ጢሱም ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ነው፤ ክትክታ ርጥብም ሆኖ ስለሚነድ በክረምት ማገዶ ላለቀበት ቤት መድኅን ነው፤ የጉና ደገኛ ደግሞ ሌላው ዛፍ በማይበቅልበት ብርድ አስታን ያነዳል። ሆኖም ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የሚያዳግተው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የታሰረውን ሸክም ከመሬት አንሥቶ በጀርባው ላይ ማኖር ነው። ተሸካሚዋ ጀርባዋን ለእንጨቱ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ገመዱን በደረቷ ላይ ታጠብቃለች፤ ባልንጀራዋም ከኋላ ደግፋ ስታነሣት ትቆማለች። ሁለተኛይቱን የሚያሸክም ሰው ከሌለ፣ እርሷ አስቀድማ ሸክሟን ከካብ ወይም ከትልቅ ድንጋይ ላይ አኑራ በዚያ ከፍታ ጀርባዋን ታስጠጋለች። ከመንገድ ዳር «አሸክሙኝ» የምትልን ሴት አይቶ ማለፍ ነውር ነበር፤ ካህንም ሆነ ባላባት ከበቅሎው ወርዶ ያሸክም ነበር። አህያም ቢሆን ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ቆሞ ካልጫነው ጭነቱ ያጋድላል። ልጃገረዶች ሁለትና ሦስት ሆነው ወደ ገደሉ የሚወርዱት ጅብና ጠላፊን ፈርተው መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ባይኖርም ሥራው ራሱ ባልንጀራ ይጠይቅ ነበር።

ሙሴም ሕግ ሲሠራ ይህን አልዘነጋም። በኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ፣ ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚማጠንባቸው ከተሞች ሲወሰኑ፣ የተሰጠው ምሳሌ ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር የሄደ፣ ብረቱም ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ነው። ይህን የኦሪት ቃል በየጉባኤ ቤቱ የሚማሩት ደቀ መዛሙርት ራሳቸው እንጨት ቆራጮች ነበሩ። የድጓ ምስክር በሆነችው በጋይንት ቤተልሔምም ሆነ የዝማሬ መዋሥዕት መንበር በሆነችው በዙር አምባ፣ የቆሎ ተማሪ ቀን በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመነውን እህል የሚያበስልበት እንጨት በተራ ያመጣል፤ ለመምህሩ ለየኔታ ቤትም ይለቅማል። የሌሊቱ ትምህርት በቃል፣ በጨለማ የሚሰጥ ስለ ነበረ እሳቱ ለብርሃን ሳይሆን ለሙቀት ያገለግል ነበር፤ በበግ ለምድ ብቻ የጉናን ነፋስ መቋቋም አይቻልምና።

እንግዲህ ይህ ምድር እንዴት ተራቆተ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በምድጃው ይመካኛል። ይህ ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል። ጭራሮ ለቃሚ የወደቀውንና የደረቀውን ይወስዳል፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲጨመር ርስት የሚከፋፈለው ገበሬ ግን ከሥሩ መንጥሮ ያርሳል፤ የተመነጠረውም ዳገት በክረምት ጎርፍ አፈሩ ይታጠባል። ከገበሬው ሌላ ደግሞ ሠራዊት ነበረ። የጥንት ነገሥታት ከተማ በአያሌው የድንኳን ከተማ ነበረና በሄደበትና በከረመበት ሁሉ የአካባቢውን እንጨት ይጨርስ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት መድፍ ነሐሱ የቀለጠው በእሳት ነው፤ ለዚያ እሳት ስንት ዛፍ እንደ ወደቀ የቆጠረ የለም። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ስድስት ወር ያህል በፈጀው በዚያ ጉዞ ሠራዊቱ ማታ ማታ የሚያነደው እሳት ከመንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሌላ ምንጭ አልነበረውም።

የቀረውን ደን ያተረፈው ግዝት ነው። በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ዛሬም ቆመው ይታያሉ፤ ከዐፀዱ ውጭ ያለው ሜዳ ግን እስከ ቅጥሩ ድረስ ታርሷል። የእነዚህ ዛፎች እንጨት ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ካልሆነ በቀር አይነካም ነበር።

ደገኛው እንጨት ሲያጣ ወደ ኩበት ዞረ። እበቱ በበጋ ተጠፍጥፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ እንደ ቀድሞው ፍልጥ ከክረምት በፊት ይከመራል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ለማሳው ሕይወት የሚሆነው ፍግ በምድጃ ዐመድ ሆኖ ሲቀር፣ የደከመው ማሳ ያነሰ እህል ይሰጣልና ገበሬው ሌላ ዳገት ለመመንጠር ይገደዳል።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን በማገዶ እጦት ከመፈታት አድኗታል፤ በ1890ዎቹ መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበርና። ይኸው ዛፍ ዘግይቶ ወደ ጋይንት ሲደርስ፣ ከጉቶው ደጋግሞ ስለሚያቈጠቍጥ፣ ገበሬው በቤቱ ጓሮ ተከለው፤ ብዙ ሴቶችም ወደ ገደል ከመውረድ አረፉ። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ገንዘብ የሚያወጣ ዛፍ ነው። ቀጥ ያለው ግንድ ለቤት ሥራ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ለተከለው ሰው ምድጃ የሚተርፈው ቅጠሉ፣ ልጡና ቀጭኑ ቅርንጫፍ ነው፤ እርሱም ክረምቱን ስለማያደርሰው ባለቤቱ ዛሬም በሚያዝያ ኩበቱን ይከምራል።