ግንደ ሕዋስ ከወዴት ይገኛል? የአራት ምንጮች ታሪክና ንጽጽር

ግንደ ሕዋስ የሚባለው፣ ራሱን እያባዛ ለመኖርና ደግሞም ወደ ሌላ ዐይነት ሕዋስ ለመለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስቴም ሴል ይሉታል። «ሕዋስ» የሚለው ቃል በቀድሞው አነጋገራችን ማየትን፣ መስማትንና የቀሩትን የስሜት ክፍሎች እንጂ ይህን በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታየውን ረቂቅ የአካል ክፍል አያመለክትም ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ በትምህርት ቤት ሁሉ ስለ ተለመደ እኛም በዚሁ እንጠቀማለን። ስያሜውን በ1868 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በመጽሐፍ ያሰፈረው ጀርመናዊው ኤርንስት ሄከል ሲሆን፣ እርሱ የፈለገው ፍጥረታት ሁሉ ወረዱበት ያለውን የመጀመሪያውን ሕዋስ ለመሰየም ነበር። ዛሬ ወደምናውቀው ትርጉም ያቀረበው ግን ሩሲያዊው አሌክሳንደር ማክሲሞቭ ነው። እርሱም በ1909 በርሊን ላይ ለደም ሊቃውንት ባሰማው ንግግር፣ የደም ሕዋሳት ሁሉ ከአንድ የጋራ ግንድ የሚወጡ መሆናቸውን አስረዳ።

የግንደ ሕዋስ ምንጮች ሲነጻጸሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ገበያ ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድረው ይህ ይሻላል፣ ያ ያንሳል ይባላል። ይህ አቀራረብ ለፈተና መልስ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ነገሩን አያስረዳም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ምንጭ የተፈለገው ከእርሱ በፊት የነበረው ምንጭ በአንድ ነገር ስለ ጎደለ ነው። ስለዚህ የጉድለቱን ታሪክ ሳይከተሉ ማመዛዘን አይቻልም።

መጀመሪያው የአጥንት መቅኔ ነው። ወደ መቅኔ ያደረሰውም የአቶም ቦምብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1945 በኋላ ሊቃውንት ጨረር ሰውን እንዴት እንደሚገድል አጥብቀው ይመረምሩ ጀመር። በ1949 ሊዮን ጃኮብሰን በቺካጎ የአይጥን ጣፊያ በእርሳስ ጋርዶ ገዳይ ጨረር ቢለቅባት አይጧ እንደማትሞት አሳየ፤ በ1951ም ኤጎን ሎሬንዝና ባልደረቦቹ መቅኔ በመርፌ መስጠት ያንኑ ጥቅም እንደሚሰጥ አረጋገጡ። ለጥቂት ዓመታት ያዳነው በመቅኔው ውስጥ ያለ አንድ ዐይነት ፈሳሽ ቅመም ነው ወይስ ራሱ ሕዋሱ የሚል ክርክር ነበረ። በ1956 በእንግሊዝ አገር በሃርዌል የነበሩት መርማሪዎች በዳኑት አይጦች መቅኔ ውስጥ የለጋሹን ክሮሞሶም ስላገኙ ክርክሩ ተዘጋ።

ከአይጥ ወደ ሰው የተደረገው ጉዞ ግን መራራ ነበረ። በ1957 ኤድዋርድ ዶናል ቶማስ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በኩፐርስታውን ለ6 ሕሙማን የሌላ ሰው መቅኔ መስጠቱን ገለጸ፤ ስድስቱም ሞቱ። በጥቅምት 1958 ቤልግሬድ አጠገብ በምትገኘው ቪንቻ በአቶም ምርምር ጣቢያ አደጋ ደርሶ 6 ሰዎች በጨረር ተመቱ። ወደ ፓሪስ ተወስደው ዦርዥ ማቴ ለ5ቱ ከፈረንሳውያን ለጋሾች የተወሰደ መቅኔ ሰጣቸው፤ ከ5ቱ አንዱ ሞተ፣ የቀሩት ተረፉ። የተሰጣቸው መቅኔ ግን ለጊዜው ብቻ ሠርቶ በኋላ የራሳቸው አንሰራራ። ሕሙማኑን ያዳናቸው የለጋሹ መቅኔ ነው ወይስ የራሳቸው ጉልበት የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራከረ። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ሥራውን ተስፋ የለውም ብለው ተዉት።

ለውጡ የመጣው ከሁለት ወገን ነው። በ1961 በቶሮንቶ ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ መቅኔ በተሰጣቸው አይጦች ጣፊያ ላይ ጉብታዎች አገኙ፤ በ1963 ደግሞ እያንዳንዱ ጉብታ ከአንድ ሕዋስ ብቻ የበቀለ መሆኑ ታወቀ። የማክሲሞቭ ግንድ ከንግግር አልፎ የሚቈጠር ነገር ሆነ ማለት ነው። በሌላው ወገን ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ በ1958 በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ያለውን የመለያ ምልክት አገኘ። ይህ ምልክት በለጋሽና በተቀባይ ካልተስማማ ወይ ተቀባዩ አካል ሕዋሱን ይገፋዋል፣ ወይም ደግሞ የተተከለው ሕዋስ ባለቤቱን ይወጋል። በ1968 ሮበርት ጉድ በሚኒሶታ ያለ በሽታ መከላከያ ለተወለደ ሕፃን የእኅቱን መቅኔ ሰጥቶ አዳነው። ቶማስም ሥራውን ሳይተው ቈይቶ በ1977 ሌላ ሕክምና ያልበጀላቸው 100 የደም ካንሰር ሕሙማን ታሪክ ሲያወጣ 13ቱ ከበሽታው ነጻ ሆነው በሕይወት ነበሩ። አሥራ ሦስት ከመቶ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከመቶው አንድ ሰው እንኳ ይተርፋል ተብሎ አልተጠበቀም ነበር። ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እንግዲህ የመቅኔ ጉድለት ምንድን ነው? የሚስማማ ሰው ማግኘት ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እኅት ፈጽሞ የመስማማቱ ዕድል ከ4 አንድ ነው። ወንድም ከሌለ በፈቃደኞች መዝገብ መፈለግ ግድ ይሆናል፤ በዚህም ላይ የሰው ዘር ሁሉ እኩል አይደለም። በ2014 በታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ጥናት መሠረት ፈጽሞ የሚስማማ ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለአውሮፓ ዝርያዎች 75 ከመቶ ሲሆን፣ ለአፍሪካ ዝርያ ላላቸው እንደየወገናቸው ከ16 እስከ 19 ከመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱ አንደኛ ከመዝገቡ የገቡት አፍሪካውያን ጥቂት መሆናቸው፣ ሁለተኛም የአፍሪካ ሕዝብ መለያ ምልክት ከሁሉ ይልቅ የበዛና የተለያየ መሆኑ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቢታመም ይህ ቍጥር ተራ አኀዝ አይሆንለትም።

የእትብት ደም ወደ ሕክምና የገባው በዚሁ ጉድለት በር ነው። ቀድሞ ከእንግዴ ልጅ ጋር ይጣል የነበረው ደም በግንደ ሕዋስ የተሞላ መሆኑን ካስረዱት አንዱ በኢንዲያናፖሊስ የነበረው ሃል ብሮክስማየር ነው። በጥቅምት 1988 ኤልያን ግሉክማን በፓሪስ ሴን ሉዊ ሆስፒታል ፋንኮኒ በሚባል የደም ማነስ ለተያዘ የ5 ዓመት ልጅ፣ ከአሜሪካ በበረዶ ተይዞ የመጣለትን የአራስ እኅቱን የእትብት ደም ሰጠች፤ ልጁም ድኖ ለዐቅመ አዳም ደረሰ። የአራስ ሕዋስ ገና ጠብ ስለማያውቅ አለመስማማትን ይታገሣል፤ ስለዚህም ለጋሽ ላጡት ሰፊ በር ከፈተ። ጉድለቱም ብዛት ነው፤ ከአንድ እትብት የሚገኘው ሕዋስ ከመቅኔ ከሚቀዳው ዐሥር እጅ ያህል ያነሰ በመሆኑ ለሕፃን ሲበቃ ለዐዋቂ ያንሳል፤ ቶሎም ስለማይበቅል ተቀባዩ ለብዙ ሳምንታት ለተላላፊ በሽታ ተጋልጦ ይቈያል።

በዚሁ መካከል መቅኔው ራሱ መልኩን ለወጠ። በ1990ዎቹ ሕዋሱን ከመቅኔ ወደ ደም ሥር የሚያስወጣ መድኀኒት ስለ ተገኘ ለጋሹ ዳሌው ሳይበሳ ከክንዱ መስጠት ቻለ። የሚገኘውም ብዙ ነው፤ ቶሎም ይበቅላል። ነገር ግን በ2012 የወጣው የአሜሪካ ሰፊ ፈተና እንዳሳየው፣ ከዘመድ ባልሆነ ለጋሽ ሲሰጥ በሁለቱ መካከል በሕይወት የመቈየት ልዩነት አልነበረም፤ ሥር የሰደደው የተተከለው ሕዋስ ውጊያ ግን በመቅኔ 41 ከመቶ ሲሆን በደም 53 ከመቶ ሆነ። ለለጋሹ የቀለለው ለተቀባዩ ከበደ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የለጋሽን ችግር ያቃለለው በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ዘዴ ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ አሮጌ መድኀኒት በመስጠት፣ ግማሽ ብቻ የሚስማማ አባት ወይም ልጅ እንኳ ለጋሽ እንዲሆን አስቻሉ። የእትብት ደም ንቅለ ተከላ ከዚህ ወዲህ እየቀነሰ ሄደ።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ደምን ለሚያድስ ሕዋስ ነው። ነርቭን ወይም ዓይንን ለማደስ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል። በ1981 ማርቲን ኤቫንስና ማቲው ካውፍማን፣ ለብቻዋም ጌይል ማርቲን ከአይጥ ሽል፣ በ1998ም ጄምስ ቶምሰን በዊስኮንሲን ከሰው ሽል ማንኛውንም የአካል ክፍል ሊሆን የሚችል ሕዋስ አወጡ። ሽሎቹ ለመካኖች ሕክምና ተዘጋጅተው የተረፉ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ የተሰጡ ነበሩ። ሽሉ ግን ስለሚጠፋ የሃይማኖትና የሕግ ክርክር ተነሣ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ በነሐሴ 2001 የመንግሥት ገንዘብ ቀድሞ ከወጡት ሕዋሳት በስተቀር እንዳይሰጥ አገዱ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2009 አነሡት። በሥራው በኩል ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሕዋሱ ሁሉን ሊሆን መቻሉ የሚረጋገጠው በአይጥ ላይ ዕጢ በማብቀሉ ነው፤ ይኸው ምስክሩ ለሕመምተኛው ስጋት ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ሁዋንግ ዉ ሱክ በ2004 እና በ2005 ከተሸጋሸገ ኒውክለስ የሰው ሽል ሕዋስ አገኘሁ ያለው ሐሰት ሆኖ ጽሑፎቹ በ2006 ተሻሩ።

ያው በ2006 ሺንያ ያማናካና ካዙቶሺ ታካሃሺ በኪዮቶ ከ24 የታጩ ጂኖች 4ቱን ለይተው የአይጥ ቆዳ ሕዋስን ወደ ሽል ጠባይ መለሱት፤ በ2007 የሰውን። ጆን ገርደን በ1962 በእንቁራሪት ያሳየውን፣ ያደገ ሕዋስ ወደ ኋላ ሊመለስ መቻሉን፣ በቀላል መንገድ መፈጸማቸው ነው፤ በ2012ም ገርደንና ያማናካ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ተስፋው ሽል ሳይነካ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሕዋስ ማዘጋጀት ነበር። በ2014 ማሳዮ ታካሃሺ በኮቤ ከሕመምተኛዋ ቆዳ የተሠራውን ሕዋስ በዓይኗ ተከለች፤ ለሁለተኛው ሰው በተዘጋጀው ውስጥ ግን የጂን ለውጥ ስለ ታየ ሥራው ቆመ፤ በ2017 ሲቀጥል የተጠቀመው የሌላ ሰው ሕዋስ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ ማዘጋጀት ወራትን የሚፈጅና እጅግ ውድ ሆኖ ስለ ተገኘ የመጀመሪያው ተስፋ ወደ ጎን ተተወ።

እነሆ በሚያዝያ 2025 ሁለት የፓርኪንሰን ሕክምና ሙከራዎች በአንድነት ታተሙ፤ አንዱ በኪዮቶ በ7 ሰዎች ላይ ከተመለሰ ሕዋስ፣ ሁለተኛው በሰሜን አሜሪካ በ12 ሰዎች ላይ ከሽል ሕዋስ የተሠራ ነው። በሁለቱም ዕጢ አልታየም፤ በሁለቱም የሕዋሱ ምንጭ ሌላ ሰው ስለሆነ ሕሙማኑ ሰውነታቸው ሕዋሱን እንዳይገፋ የሚያደርግ መድኀኒት ወስደዋል። በ1958 ዶሴ ያገኘው ምልክት ዛሬም ከአዲሱ ምንጭ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል።